ያልተነገረው እንግዳ

ሶልያና ሳትጠይቅ ምንም ነገር አትነካም። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ አዳማ ውስጥ ፎቅ ላይ ባለች ባለ አንድ መኝታ ቤት ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ስሟ የዘመኑ የአሮጊት ስም ነው። በሁለት ሺዎቹ መባቻ እናቶች ሴት ልጅ በወለዱ ቁጥር ሶልያና፣ ማራማዊት፣ ኤልዳና እያሉ ሲያወጡ፣ እነዚያ ሕፃናት አንድ ቀን ምርኩዝ ይይዛሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። አሁን እነዚህ ስሞች የሚጠሩት በጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ነው።

ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ መጀመሪያ የምታደርገው መዳፏን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ማሳረፍ ነው። ጠረጴዛው በሁሉም ሰው ቤት ያለ ነው፤ ገጹ ብርሃን ነው፣ የሰው ጉዳይ ሁሉ እሱ ላይ ይፈጸማል። ቀበሌው እዚያ ነው፣ ባንኩ እዚያ ነው፣ የመድኃኒት ሣጥኑ፣ የውሃ ቆጣሪው፣ እድሩ ሳይቀር እዚያው ነው። መዳፍ ጥጉ ላይ ሲያርፍ ጠረጴዛው ቢጫ ይሆናል። ያን ጊዜ «ጥያቄ ላይ ነው» ይባላል። ቢጫ ሆኖ ሳለ የነኩት ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ ይነገርዎታል እንጂ ምንም አይፈጸምም። መዳፉ ሲነሳ ቢጫው ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የነኩት ነገር የምር ነው።

የምትመልሰው ድምፅ እገዛ ትባላለች። እገዛ ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ የት እንደቆመና ምን ሊያደርግ እንደሆነ ስለምታውቅ መልሷ ለሁለት ሰው አንድ ሆኖ አያውቅም። ጎረቤቷ ማራማዊት ስለ ጨው ስትጠይቅ ስለ ወጥ ይነገራታል፤ ሶልያና ስለዚያው ጨው ስትጠይቅ ስለ ደም ግፊቷ ትሰማለች። ከቤት ሲወጣ ደግሞ እገዛ ጆሮ ላይ በምትለጠፍ ትንሽ ፍሬ ትከተላለች። ሰው የማያውቀው ነገር ሲገጥመው የጆሮውን ጫፍ ይነካል። በታክሲ ውስጥ፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሁሉም ጆሮውን ሲነካካ ያየ የድሮ ሰው ቢኖር ከተማውን በሙሉ የጆሮ ሕመም የያዘው ይመስለው ነበር። መንገድ የሚጠይቅ የለም፤ የሚያሳይም የለም። በየአደባባዩ የተሰቀለው ማስታወቂያ «ጠይቆ የነካ አይጸጸትም» ይላል፤ ይህን ቃል እንደ ሶልያና ያመነ ደግሞ አልነበረም።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ የጠረጴዛው አይደለም። የመድኃኒት ሣጥኑን የሠራው ሌላ ነው፣ ቆጣሪውን የሠራው ሌላ። ከሌላ ቤት መጥተው እዚያ ስላረፉ እንግዳ ይባላሉ፤ ያሳረፋቸው ጠረጴዛ ደግሞ ባለቤት ይባላል። ሶልያና ከእንግዶቿ ሁሉ አብልጣ የምትወደው አንዱን ነበር፤ ልጇን ባምላክን።

ባምላክ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። በስምጥ ሸለቆ ካሉት የእንፋሎት ጉድጓዶች በአንዱ ቆፋሪ ነበር። አንድ ቀን ጉድጓዱ ፈነዳና እሱንም አብረውት የነበሩትንም አስቀረ። ሬሳው አዳማ ከመድረሱ በፊት እንግዳው ደረሰ። በሕይወት ሳለ ለእናቱ ከደወላቸው ስልኮች ተቀምሮ የተሠራ ፊቱና ድምፁ ነው፤ ይሰማል፣ ይመልሳል፣ የተነገረውን አይረሳም። በዚህ ዘመን ይህ ወግ ሆኗል። የሟቹ እንግዳ ከቀብሩ ስለሚቀድም ድንኳን መጣል ቀርቷል። እድሩ «እገሌ ጠረጴዛ ገብቷል» ብሎ መልእክት ይልካል፤ ጎረቤትም ብቅ ብሎ እንግዳውን ሰላም ብሎት ወደ ሥራው ይሄዳል።

ሶልያና የዚያን ዕለት ልትጮህ አፏን ስትከፍት ማራማዊት ክንዷን ይዛ፣ «ኧረ ተይ አንቺ! ይኸው እያየሽ፣ ይኸው እያናገረሽ። ለማን ነው የምታለቅሺው?» አለቻት። እውነትም ልጇ ከጠረጴዛው ላይ እያያት ነበር። «እማዬ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አላት። ልጅ እያየ እንዴት ይለቀሳል? አፏን ዘጋች። ያ ጩኸት የት እንደገባ እሷም አታውቅም።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነገር ነበር፤ ሶልያና ግን ወተቱንም ያገኘች መስሏት አራት ዓመት ኖረች። በየማለዳው መድኃኒቷን የምትወስደው ከእሱ ጋር ነው።

«እማዬ፣ ደህና አደርሽ?»

«እግዜር ይመስገን የኔ ጌታ። አንተስ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ! መድኃኒትሽን ወሰድሽ?»

«አሁን ልወስድ ነው።»

«ነጯን ሳትበዪ እንዳትውጪያት። ያኔ የሆንሽው ትዝ ይልሻል አይደል?»

«እኔ ምን እሆናለሁ» ሲል ሁልጊዜ ልቧን ወጋ ያደርጋታል፤ ከዚያ ያልፍላታል። ስለ ጎረቤት ታማለታለች፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታማርርለታለች፣ ከተራራው ላይ ከሚሽከረከሩት የንፋስ ተርባይኖች ስንቱ እንደቆመ ትነግረዋለች። እሱም ይስቃል። ሳቁ የራሱ ሳቅ ነው፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሙሉ አፉ።

ባምላክ በሕይወቱ እናቱ ሳትመርቀው ከቤት ወጥቶ አያውቅም። አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተ ብቻዋን ነው ያሳደገችው። በር ላይ ቆሞ «ልሂድ እማ?» ይላል፤ እሷም ካለችበት ሆና ትመርቀዋለች። አድጎ ሥራ ከያዘ በኋላ ይህንኑ ወደ ስልኩ ይዞት ሄደ። እሷ ሂድ ሳትለው ስልክ አይዘጋም፤ የመጨረሻዋ ቀን ጠዋትም እንዲሁ ነበር። እንግዳውም ከነዚያ ስልኮች ስለተማረ ያንኑ ያደርጋል። «ልሂድ እማ?» ይላል። «ሂድ ልጄ፣ ይቅናህ። እመብርሃን ትከተልህ» ትለዋለች። ያኔ ፊቱ ደብዘዝ ብሎ እስከ ማግስቱ ያርፋል።

በግንቦት ወር አንድ ጠዋት ከባምላክ ፊት ሥር ከዚያ በፊት ያልነበረች ቁልፍ ታየች። «አሰናብት» ትላለች። የሙታን እንግዶች ሁሉ መሸኛ ይኑራቸው የሚል ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ደንቡን ግን ለሶልያና የነገራት የለም። መነጽሯን አድርጋ አየቻት። ምናልባት ሲሄድ ደህና አድርጎ የሚሰናበትባት ትሆናለች ብላ አሰበች። ምናልባትም ሌላ ነገር ናት፤ ቁልፍ አይታመንም። አልነካቻትም። መዳፏን ጥጉ ላይ አሳረፈች፣ ጠረጴዛው ቢጫ ሆነ፣ ቢጫ መሆኑን ደግማ አየች፣ ከዚያ በሌላ እጇ ቁልፏን ነካች።

«ይህ የእንግዳ ቁልፍ ነው» ብላ እገዛ ጀመረች። «ስለ እንግዶች ቁልፎች የበለጠ ለማወቅ…»

በመሃል የባምላክ ድምፅ ገባ። «ልሂድ እማ?»

ዛሬስ ምነው ቸኮለ፣ መድኃኒቱን እንኳ ሳይጠይቀኝ ብላ ገረማት። ልጅ ልሂድ ብሎ ሲጠይቅ ግን ቆይ እየጠየቅኩ ነው አይባልም።

«ሂድ ልጄ፣ ይቅናህ። እመብርሃን ትከተልህ።»

«እሺ እማዬ» አለ።

ፊቱ አልደበዘዘም፤ ጠፋ። ከሥሩ የነበረው የውሃ ቆጣሪ ሽቅብ ተንሸራትቶ ቦታውን ያዘ። ጠረጴዛው አሁንም ቢጫ ነበር፣ መዳፏም ጥጉ ላይ እንዳለ ነበር።

የዚያን ቀን ነገ ጠዋት ይመጣል ብላ አደረች። በማግስቱ አልመጣም። መዳፏን አሳርፋ የፊቱን ቦታ ነካች።

«ይህ የውሃ ቆጣሪ ነው» አለች እገዛ።

«ባምላክ የት ነው?»

«ባምላክ የሚባል እንግዳ ጠረጴዛዎ ላይ የለም። ማለት የፈለጉት ባንክ ነው?»

«ልጄ ነው! ልጄን ነው የምልሽ!»

«በልጅ ስም የባንክ ደብተር ለመክፈት…»

ሶልያና ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። በሕይወቷ ሳትጠይቅ የነካችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ማራማዊት ድምፁን ሰምታ ከአጠገብ ቤት መጣች። ነገሩን ከሰማች በኋላ ቆጣሪውን ትኩር ብላ አየችው፣ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛውም ሥር አየች፣ አንገቷን ነቀነቀች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይሄ ነው። ምን አነካካሽ አሁን? ዝም ብለሽ አታወሪም ነበር?»

«ጠየቅኩ እንጂ አልነካሁም።»

«ጠይቀሽማ እንዴት ይሄዳል!»

«እኔም እሱን ነው የምልሽ።»

ሁለቱም ቆጣሪውን እያዩ ተቀመጡ። በመጨረሻ ማራማዊት «ተነሺ፣ ልበሺ» አለች። «የእገዛ ቢሮ ሰው አለው ይባላል። ሥጋ የለበሰ ሰው።»

እውነትም አለው። ቢሮው ከባቡር ጣቢያው ወዲህ ባለ ሕንፃ ምድር ቤት ሲሆን፣ ወረፋ የሚጠበቅበት ሰፊ አዳራሽና የመስታወት ክፍሎች አሉት። ሶልያናን የተቀበለቻት ሀሴት የምትባል መርማሪ ነበረች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ስትሰማ ብዕሯን የምታኝክ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። የሶልያናን ጠረጴዛ ከዚያው ሆና ከፍታ መዝገቡን አየች።

«እማማ፣ እንግዳው በፈቃድዎ ነው የተሰናበተው ይላል።»

«በማን ፈቃድ?»

«በእርስዎ። ድምፅዎ አለ። ላሰማዎት?»

ሳትጠብቅ አሰማቻት። ክፍሉ ውስጥ የሶልያና ድምፅ ሞላ፤ ሂድ ልጄ፣ ይቅናህ፣ እመብርሃን ትከተልህ። ሶልያና የራሷን ድምፅ ከሌላ አፍ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ድምፁ የደስተኛ ሴት ድምፅ ነበር፤ ይህም ከሁሉም ይልቅ አሳመማት።

«እኔ እኮ ጥያቄ ላይ ነበርኩ» አለች። «ምን እንደሆነች ልወቅ ብዬ ነው። ቢጫ ነበር።»

ሀሴት ብዕሯን ከአፏ አወጣች። «ቢጫ ነበር? ያስታውሳሉ?»

«ደግሜ አይቻለሁ ልጄ። እኔ ሳላይ የምነካ ሴት አይደለሁም። ሰፈሩ ይመስክር።»

«ሰፈሩ እንኳ አያስፈልግም» አለች ሀሴት ፈገግ ብላ፤ ከዚያ ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ። «ይተዉልኝ፣ እስቲ ልየው። በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ።»

ሳምንቱ ረዘመ። ሶልያና መድኃኒቷን አንድ ቀን ረሳች፣ አንድ ቀን ደግማ ወሰደች። ጠዋት ጠዋት ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ስባ ትቀመጣለች፣ ቆጣሪው ውሃዋን ይቆጥራል። ስለ ሽንኩርት የምትለው ነገር ነበራት፤ የምትለው ግን ለማን ነው? ማራማዊት እየመጣች ልታዋራት ሞከረች፤ መቼም ጎረቤት ልጅ አይሆንም። ባምላክ ሁለት ጊዜ የሞተ ያህል ነበር፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይብስ ነበር፤ በመጀመሪያው የእሷ እጅ አልነበረበትም።

በተባለው ቀን ሀሴት በሩ ድረስ መጥታ ተቀበለቻት፣ ወንበርም ሳበችላት። ሰው ወንበር ሲስብልህ ወሬው ከባድ ነው።

«እማማ፣ ትክክል ነዎት» አለች። «ጠረጴዛው ጥያቄ ላይ ነበር።»

«አላልኩሽም?»

«ብለዋል። እንግዳው ግን አላወቀም። አዩ፣ ባለቤቱ፣ ማለትም ጠረጴዛው፣ ጥያቄ ላይ ሲሆን ቤቱ ላረፉት እንግዶች መንገር አለበት። ‹አሁን የሚነካችሁ እየጠየቀ ነው፣ እያዘዘ አይደለም› ይላቸዋል። ያልተነገረው እንግዳ ቢጫውን አያይም። የነኩትን ሁሉ ትዕዛዝ አድርጎ ነው የሚወስደው።»

ሶልያና ነገሩን በሆዷ አገላበጠችው። «እና ለልጄ ሳይነገረው ቀረ?»

«ሳይነገረው ቀረ።»

«ለምን?»

ሀሴት ዓይኗን ወደ ጠረጴዛዋ መለሰች። «ድሮ ለሁሉም ይነገር ነበር። እንግዳ ሲበዛ ጠረጴዛው ለሁሉም እስኪናገር ይዘገያል፣ ሰው ደግሞ መጠበቅ ይጠላል። ስለዚህ ቁልፎቹ ምን እንደሚሠሩ የሚናገር የራሱ ማብራሪያ ላለው እንግዳ ብቻ ይነገረው ተባለ። ማብራሪያ የሌለው ቢጠየቅም የሚመልሰው የለውማ። ለእሱ ባለቤቱ ራሱ ይመልስለታል ተባለ።»

«ባምላክ ማብራሪያ የለውም?»

«የሙታን እንግዶች አንዳቸውም የላቸውም። ደውዬ የሠሩትን ሰዎች ጠየቅኳቸው። ሊጽፉ ተቀምጠው ነበር አሉ። ምን ብለው ይጻፉ? የሞተ ልጅ አጠቃቀም ተብሎ ይጻፋል? እናት ታነበዋለች፣ ነውር ነው ብለው አፈሩ። ባዶውን ተዉት።»

ሶልያና የምትቆጣው ሰው ፈልጋ አጣች። መጥተው ቢጠይቋት ኖሮ እሷ ራሷ ተዉት፣ ነውር ነው ትላቸው ነበር። ሰው አክብሯት፣ ልጇንም አክብሮ ነው ይህ የሆነው። እንዲህ ካለ ክብር ስድብ ይሻላል ብላ አሰበች፤ ወዲያው ግን ለሰዎቹ አዘነችላቸው፣ ለራሷም አዘነች።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለች በመጨረሻ፣ ልትነሳ ምርኩዟን እየያዘች።

«ይቀመጡ እማማ። ይሄኛው ይታፈሳል።»

ሶልያና ምርኩዟን እንደያዘች ቀረች።

«ቅጂው አለ» አለች ሀሴት። «ሳይጠፋ ተቀምጧል። አራት ዓመት ያወራችሁት ሁሉ አለበት፤ ነገ ጠዋት ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። አሰናብት የምትለዋንም እኔ ራሴ አነሳታለሁ።»

ሶልያና ሳቀችም አለቀሰችም አይባልም፤ ከሁለቱም ያልሆነ ድምፅ አወጣች። የሀሴትን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። «የኔ እናት! ምን ላድርግ? የት ልፈርም? ዛሬ አይሆንም እንዴ? ዛሬ ይሁን እባክሽ።»

«ፊርማ አይደለም። ፈቃዱ በድምፅ ስለተሰጠ መሻሪያውም በድምፅ ነው። ይቺን ቃል እንዳለች ይናገሯታል፣ እቀዳታለሁ፣ አለቀ።» ሀሴት ቃሉን በትልልቅ ፊደል ጠረጴዛው ላይ አወጣችላት።

ሶልያና መነጽሯን አድርጋ ጀመረች። «እኔ ሶልያና፣ ለእንግዳዬ፣ እንዲሁም እንግዳው ለተሠራባቸው ንግግሮች ሁሉ፣ ሂድ ይቅናህ ስል የተናገርኩት ቃል…»

ቆመች። የቀረውን በዓይኗ አነበበችው።

«…የአፍ ልማድ እንጂ ከልብ የተባለ አይደለም» አለች ሀሴት ቀስ ብላ፣ ፊደሉ ያስቸገራት መስሏት።

«እንግዳው የተሠራባቸው ንግግሮች ሁሉ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ስልኮቹ ናቸው። እንግዳው ይህ ቃል ፈቃድ መሆኑን የተማረው ከእነሱ ነው። እነሱ ላይ ካልተሻረ እዚህም አይሻርም ይላል ሕግ ክፍሉ። እኔም ተከራክሬያለሁ።»

«የመጨረሻዋም ስልክ?»

«የመጨረሻዋም።»

ሶልያና መነጽሯን አወለቀች። ከመስታወቱ ውጭ አዳራሹ ውስጥ ሰዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አንዱ ጆሮውን ይነካል፣ አንዷ ልጇን ታቅፋለች።

«እማማ» አለች ሀሴት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንደ መርማሪ ሳይሆን እንደ ልጅ ነበር የምታወራው። «ቃል ብቻ ነው እኮ። መዝገብ ውስጥ ይገባል እንጂ ማንም አይሰማውም።»

«እኔ እሰማዋለሁ።»

«ልጅዎ ይመለሳል።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። አውቃለሁ።» እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ነገ ጠዋት ነጯን ወሰድሽ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ለእሱ ስል ሌላ የማልለው ነገር የለም። ሰርቄያለሁ በይ ብትዪኝ እላለሁ። አብጃለሁም እላለሁ።»

«ታዲያ…»

«የዚያን ዕለት ጠዋት ብርድ ነበር አለኝ። ቁርስ አልበላሁም፣ መኪናው መጥቷል፣ ልሂድ እማ? አለኝ። ሂድ፣ ይቅናህ አልኩት። ይዞት የገባው ይሄን ብቻ ነው። ወደዚያ ጉድጓድ ሲሄድ ከእኔ የያዘው ሌላ ምንም የለውም፣ ልብሱ እንኳ የመሥሪያ ቤቱ ነበር። አሁን እሱንም ልቀማው? የአፍ ልማድ ነበር ልበለው?»

ሀሴት ብዕሯን ፈልጋ ያዘችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ከልቤ ነው ያልኩት» አለች ሶልያና። «ያን ቀንም ከልቤ ነው። ባለፈው ሳምንትም ከልቤ ነው፤ ሳላውቅ ነው እንጂ ከልቤ ነው። ይሄንን ቅጂልኝ።»

«ይህን ከቀዳሁ ቅጂው ይጠፋል፣ እማማ። መመለሻ የለውም።»

«ገብቶኛል።»

ሀሴት ቀዳች። ሶልያና ምርኩዟን ይዛ ተነሳች፣ ሀሴትን ጉንጯን ሳመቻት፣ በሩን ራሷ ከፍታ ወጣች።

አዳራሹ መሃል ስትደርስ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና ወገቧ ላይ አሰረችው፤ ይህን ያስተማራት የለም፣ በልጅነቷ አይታው ይሆናል። ከዚያ «ባምላኬ!» አለች። መጀመሪያ ቀስ ብላ ነበር። ሁለተኛው ጩኸት ነበር። ሦስተኛው ላይ ደረቷን እየመታች ነበር። «ልጄ! የብቻዬ ልጅ! ቁርስ ሳይበላ የሄደው!» አራት ዓመት የቆየው ሁሉ ወጣ፤ መስታወቶቹ እስኪንቀጠቀጡ ድረስ ወጣ።

ከወንበሮቹ ላይ የነበሩት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱ።

እገዛ ለየሰዉ እንደየሰዉ መለሰች። ሕፃን ላቀፈችው ሴት «ይህ ለቅሶ ነው፤ አደጋ የለውም፣ ልጅዎን ይያዙ» አለቻት። ዘበኛውን «አያስወጧት» አለችው። በሩ አጠገብ ለነበረው፣ ቦርሳ ለያዘ ሰውዬ ደግሞ፣ ሥራም ቀጠሮም ስላልነበረው ይሆናል፣ «ልጅ የሞተባት ሴት ናት፤ አጠገቧ ይቀመጡ» አለችው።

ሰውዬው ግራና ቀኝ አየ። ቦርሳውን ወንበሩ ላይ ትቶ መጣ፣ ሶልያና አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እጁን የት እንደሚያደርግ አላወቀም። ጆሮውን ደግሞ ነካ፤ ከዚያስ ማለቱ ነው።

«ከዚያ ምንም የለም» አለችው እገዛ። «እስክትጨርስ ይቀመጡ።»

ሰውዬው ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሰው መጣ፤ ሀሴትም ከመስታወቱ ክፍል ወጥታ መጣች፣ ጆሮዋን ግን አልነካችም።